ሳንባዋ ንጹሕ የሆነ ላም ቁና ቁና የምትተነፍሰው ለምንድን ነው? ስለ ደም አሲድነትና ስለ ትንፋሽ

የሱሉልታ ወተት፦

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ ዳርቻ ጥቂት የወተት ላሞች አረባለሁ። በቅርቡ አንዲት ድቅል ላም ሌሊት ማሰሪያዋን ፈትታ፣ የመኖ ክፍሉን በር ገፍታ ገባችና የተፈጨ በቆሎና ፉርሽካ ስትበላ አደረች። ሲነጋ ማመስኳቷን አቁማ፣ ግራ ጎኗ ተወጥሮ፣ እበቷም ቀጥኖና የኮመጠጠ ሽታ አምጥቶ አገኘኋት። ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ትንፋሿ ነበር። ቆማ ሳለች ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ ጎኗም እንደ ወናፍ ያለ ዕረፍት ይነፋል፤ ሰዓት ይዤ ስቆጥረው በደቂቃ ከ70 በለጠ። የመጡት የእንስሳት ሐኪም ሳንባዋን ለረጅም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ ሳንባዋ ንጹሕ መሆኑን፣ እንዲህ የሚያስተነፍሳትም ወደ ደሟ የገባው አሲድ መሆኑን ነግረውኝ ወደ ሕክምናው ገቡ። ላሚቱ ተርፋለች። እኔን ግን አንድ ነገር አልገባ አለኝ፤ በጨጓራ ውስጥ የተፈጠረ አሲድ ሳንባን በምን መንገድ ሊያዝ ይችላል? በትምህርት ቤት የተማርነው እንስሳ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ለማግኘት ነው በሚል ነበር። ሳንባዋ ደህና ከሆነ፣ አየሩም ያው አየር ከሆነ፣ ላሚቱ ምን አጥታ ነው?

ገፈርሳ፦

ብርዱ በጠናበት ሰሞን የሳንባ ምች በብዛት ይታያል። ሐኪሙ ትኩሳቷን ለክተው ነበር?

የሱሉልታ ወተት፦

ለክተዋል፤ ትኩሳት አልነበራትም። እንዲያውም ጆሮዋ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር።

የፊዚዮሎጂ መምህር፦

ሐኪሙ የነገሩዎት ትክክል ነው። ከጥያቄዎ መጨረሻ ልነሣ። እንስሳ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ለማስገባትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስወጣትም ነው፤ ነገር ግን ጤናማ አካል በዕረፍት ላይ ሳለ ምን ያህል መተንፈስ እንዳለበት ከትንፋሽ ወደ ትንፋሽ የሚወስንለት የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ነው እንጂ ኦክስጅኑ አይደለም። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1905 ጆን ስኮት ሃልዴንና ጆን ጊሊስ ፕሪስትሊ የተባሉ የብሪታንያ ተመራማሪዎች፣ በሳንባ ከረጢቶች ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ0.2 ከመቶ ያህል ብቻ ሲጨምር በዕረፍት ላይ ያለ ሰው የሚለዋውጠው አየር እጥፍ እንደሚሆን አሳይተዋል። በአንጻሩ የኦክስጅን ማነስ ብቻውን ትንፋሽን በግልጽ የሚያፋጥነው በደም ቅዳ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከወትሮው 95 ገደማ ወደ 60 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲወርድ ነው። ይህ የሆነበት ምክንያት ሩቅ አይደለም፤ ግፊቱ 60 ላይ በደረሰ ጊዜ እንኳ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ፣ ሊሸከም ከሚችለው ኦክስጅን 90 ከመቶ ያህሉን እንደያዘ ነው፤ ስለዚህ ችግሩ ገና አልደረሰም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንዲህ ያለ ፋታ አይሰጥም። ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ወዲያው አሲድነትን ወደሚፈጥረው ሃይድሮጅን አየንና አሲድን ወደሚያለዝበው ባይካርቦኔት ይከፈላል። በመሆኑም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጨመረ ቁጥር ደም አሲድ ይሆናል፤ የአካል ኢንዛይሞች ደግሞ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ7.35 እስከ 7.45 ካለው ጠባብ ክልል ሲወጣ ሥራቸው ይቃወሳል።

ይህን የሚከታተሉ ጠባቂዎች በሁለት ቦታ ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ በአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል፣ ከፊት ለፊቱ ገጽ አጠገብ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ የሚቀምሱት ደሙን ሳይሆን አንጎልን የከበበውን ፈሳሽ አሲድነት ነው። ሃይድሮጅን አየን ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላለው ከደም ወደዚያ ፈሳሽ በቀላሉ አይሻገርም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ያለ ከልካይ ያልፋል፤ ካለፈም በኋላ እዚያው አሲድ ይሆናል። ፈሳሹ ከደም ጋር ሲነጻጸር አሲድን የሚያለዝብ ፕሮቲን የሌለው ያህል ስለሆነ ትንሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንኳ ፒኤቹን ጎላ አድርጎ ይለውጠዋል። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምንሰጠው የትንፋሽ ምላሽ አብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው። ሁለተኛዎቹ ካሮቲድ ቦዲ ይባላሉ፤ በአንገት ግራና ቀኝ፣ ወደ ራስ የሚወጣው ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ የተቀመጡ እጅግ ትናንሽ አካላት ናቸው። አሠራራቸውን ስፔናዊው ፌርናንዶ ዴ ካስትሮ ከአሠራረታቸው ተነሥቶ ገምቶት ነበር፤ ቤልጅየማዊው ኮርኔይ ሄይማንስ ደግሞ በውሾች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች አረጋግጦ የ1938ን የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ዴ ካስትሮ ከሽልማቱ ድርሻ ሊደርሰው ይገባ ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ። እነዚህ አካላት የኦክስጅንን ማነስ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድን መብዛትና በደም ውስጥ ያለውን አሲድ ሦስቱንም ይለያሉ።

አሁን ወደ ላምዎ እንመለስ። ከጨጓራ ወደ ደሟ የገባው ላቲክ አሲድ በአንጎል ግንድ ወዳሉት ጠባቂዎች በቀጥታ መድረስ አይችልም፤ ካሮቲድ ቦዲዎቹ ግን ወዲያው አግኝተውት ለትንፋሽ ማዕከሉ መልእክት ይልካሉ። ማዕከሉም ትንፋሹን ያበዛዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ የደሙ ፒኤችም በከፊል ወደ ልኩ ይመለሳል። ላምዎ ኦክስጅን አጥታ አልነበረም፤ አሲድ እያስወጣች ነበር።

የሱሉልታ ወተት፦

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፤ ታዲያ ላቲክ አሲዱ ራሱ በትንፋሽ ይወጣል ማለት ነው?

የፊዚዮሎጂ መምህር፦

አይወጣም። ሳንባ ማስወጣት የሚችለው ጋዝ ሊሆን የሚችለውን አሲድ፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ብቻ ነው። ላቲክ አሲዱን አቃጥለው የሚጨርሱት ጉበትና ሌሎች አካላት ናቸው፤ ኩላሊትም የበኩሉን ያደርጋል። ትንፋሹ የሚገዛው ጊዜ ነው። በቁጥር ላሳይዎት፤ ቁጥሮቹ የሰው ናቸው፣ የላምም ከዚህ ብዙ አይርቁም። የደም ፒኤች የሚወሰነው በባይካርቦኔትና በተሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ንጽጽር ነው። በጤና ጊዜ ባይካርቦኔቱ በሊትር 24 ሚሊሞል፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ስለሆነ የተሟሟው 1.2 ሚሊሞል ይሆናል፤ ንጽጽሩ 20 ለ1፣ ፒኤቹም 7.4 ይወጣል። ላቲክ አሲድ ገብቶ ከባይካርቦኔቱ ግማሹን ቢበላና 12 ቢቀር፣ ትንፋሹም ባይለወጥ፣ ንጽጽሩ 10 ለ1 ሆኖ ፒኤቹ ወደ 7.1 ይወርዳል፤ ይህም ለሞት የሚያቀርብ ነው። ትንፋሹ ጨምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ 26 ቢያወርደው ግን ፒኤቹ 7.29 አካባቢ ይቆያል። አሁንም ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን በ7.1 እና በ7.29 መካከል ያለው ልዩነት በሃይድሮጅን አየን ብዛት ሲሰላ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቅናሽ ነው። ወደ ጤናማው 7.4 ለምን አይመለስም ያሉ እንደሆነ፣ ለዚህ አንዱ ምክንያት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲቀንስ የአንጎሉ ፈሳሽ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሚሆንና በግንዱ ያሉት ጠባቂዎች «በቃ» ስለሚሉ ነው። ካሮቲድ ቦዲዎቹ ይገፋሉ፣ እነዚያ ይይዛሉ፤ ፈሳሹ ባይካርቦኔቱን ቀስ በቀስ ቀንሶ እስኪስተካከል ድረስ ሰዓታት ያልፋሉ። ትንፋሽ ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው ከዚያ በኋላ ነው።

እንስሳ ሐኪም በሰንዳፋ፦

የመምህሩ ማብራሪያ ላይ ከጋጣው ወገን ጥቂት ልጨምር። እህል በብዛት ሲገባ በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ስታርችን የሚያቦኩ ባክቴሪያዎች በሰዓታት ውስጥ ይራባሉ፤ በወትሮው ከ6 እስከ 7 የሚሆነው የጨጓራው ፒኤች ከ5 በታች ሊወርድ ይችላል። ከሚመረተው ላቲክ አሲድ ከፊሉ የእንስሳው አካል በዝግታ ብቻ ሊያቃጥለው የሚችለው ዓይነት ስለሆነ በደም ውስጥ ይከማቻል። ጨጓራው በዚህ ጊዜ ውኃ ከደም ስለሚስብ ዓይኗ ይጎደጉዳል፣ ደሟ ይወፍራል። እንዲህ ያለ ላም በደቂቃ ከ60 እስከ 90 ጊዜ ስትተነፍስ ማየት የተለመደ ነው። የተነፋው ጨጓራ ድያፍራምን፣ ማለትም ደረትን ከሆድ የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ስለሚገፋ ትንፋሹ አጭር አጭር ሊሆን እንደሚችልም አይዘንጋ፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ሁሉ የአሲድ ብቻ ነው አይባልም።

በዚህ አካባቢ በተለይ የማሳስበው አተላ፣ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርትና ፉርሽካ በአንድ ጊዜ በብዛት የሚሰጡ አርቢዎችን ነው። መኖ ሲለወጥ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሁን፤ ድርቆሽና ጭድ ከፊት ይቅደም። ላም ስታመሰኳ የምታመነጨው ምራቅ ራሱ በባይካርቦኔት የበለጸገ ነውና ድርቆሽ መከላከያም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «አሲድ ከሆነ ሶዳ ይፈውሰዋል» በሚል ብዙዎች ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጠው በጠርሙስ ወደ ጉሮሮዋ ያንቆረቁራሉ። ደክማ ቁና ቁና የምትተነፍስ ላም ፈሳሹን ወደ ሳንባዋ ልታስገባው ትችላለች፤ ያን ጊዜ የሌለ የሳንባ በሽታ ፈጠሩ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ባይካርቦኔት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ጨጓራው መሥራት ካቆመ ጋዙ መውጫ አያገኝም። በደም ሥር ሲሰጥም ቢሆን የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አንጎል ፈሳሽ ከባይካርቦኔቱ ቀድሞ ስለሚገባ ደሙ እየተሻለው አንጎሉ ለጊዜው ይበልጥ አሲድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠኑንና ፍጥነቱን ለሐኪም ይተዉ።

የእንጦጦ ሯጭ፦

ውይይቱን በጉጉት እየተከታተልኩ ነው። ከቆላ አገር ለልምምድ የሚመጡ እንግዶች በእኛ ሰፈር ሲያርፉ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተቀምጠውም ያለከልካሉ። ሌሊት ደግሞ ከእነርሱ ጋር አንድ ክፍል ያደረ ሰው እንደሚመሰክረው ትንፋሻቸው እየጨመረ ይሄድና ለጥቂት ሰኮንዶች ጭራሽ ቀጥ ይላል፣ ከዚያም በኃይል ይነሣል። ከሰነበቱ በኋላ ይተዋቸዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚገዛው ከተባለ፣ ተራራ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልበዛም፤ ታዲያ ምን ሆነው ነው?

የፊዚዮሎጂ መምህር፦

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በእንጦጦ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 ከመቶ ቢሆንም ግፊቱ ስለወረደ ከቆላ የመጣ ሰው የደም ኦክስጅን ቀደም ብዬ ወደጠቀስኩት 60 ይጠጋል። ያን ጊዜ ካሮቲድ ቦዲዎቹ ትንፋሹን ያፋጥኑታል። ይሁን እንጂ ትንፋሹ በጨመረ ቁጥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታጠባል፣ ደሙም አልካላይን ይሆናል፤ የአንጎል ግንዱ ጠባቂዎች በዚህ ምክንያት ፍሬን ይይዛሉ። የሌሊቱ ነገር የዚህ ግብግብ ውጤት ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከተወሰነ ወሰን በታች ሲወርድ ትንፋሽ ይቆማል፤ በቆመበት ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ ኦክስጅን ይወርዳል፤ ሁለቱም ተባብረው ትንፋሹን በኃይል ይቀሰቅሱታል፤ ከመጠን በላይ ተንፍሶም እንደገና ከወሰኑ በታች ይወርዳል። በቀጣዮቹ ቀናት ኩላሊት ትርፉን ባይካርቦኔት በሽንት እያስወገደ ደሙን ወደ ልኩ ሲመልሰው ፍሬኑ ይላላል፤ ሰውየውም እንደ ልቡ መተንፈስ ይጀምራል። ለከፍታ ሕመም የሚታዘዘው አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት ኩላሊትን ይህንኑ ሥራ ቀድሞ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው።

ተጠራጣሪው፦

ለመምህሩ ካለኝ አክብሮት ጋር፣ ይህ ሁሉ የተጋነነ ይመስለኛል። ሰው ትንፋሹን ሲይዝ የሚጨንቀው አየር ስላጣ ነው፤ አየር ማለት ደግሞ ኦክስጅን ነው። ከዚህ ውጭ ያለው የመጽሐፍ ነገር አይደለምን?

ነርስ በለገጣፎ፦

ለዚህ እኔ ልመልስ፤ መልሱ በክረምት በየጤና ተቋሙ ደጃፍ የምናየው ነገር ነውና። በብርድ ሌሊት በር ዘግተው፣ የከሰል ማንደጃ አስገብተው የተኙ ሰዎች ለምን ጨንቋቸው አይነቁም? የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ሄሞግሎቢንን ይይዛል፤ ስለዚህ ደሙ የሚሸከመው ኦክስጅን እያለቀ ይሄዳል። ነገር ግን ካሮቲድ ቦዲ የሚለካው በደም ውስጥ የተሟሟውን የኦክስጅን ግፊት እንጂ ሄሞግሎቢን የተሸከመውን ብዛት አይደለም፤ ግፊቱ ደግሞ አልተለወጠም። ሳንባው ካርቦን ዳይኦክሳይድን እንደ ወትሮው ያስወጣል። ስለዚህ ማንቂያ የሚሆን ጭንቀት የለም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ከዚያም ራስን መሳት ነው። ጭንቀቱን የሚፈጥረው የኦክስጅን ማነስ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ሁሉ በር ከፍተው በወጡ ነበር። ከሰል ፍም ሆኖ ጭሱ ስለጠፋ ብቻ ደህና ነው ብሎ ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገባ ሰው ይህን ይስማ፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ጭስም የለውም።

የፊዚዮሎጂ መምህር፦

ነርሷ ከእኔ በተሻለ አስረድተዋል። ተጠራጣሪው ወንድማችን ሌላ ማስረጃ ቢሹ ዋናተኞችን ይመልከቱ። ውኃ ውስጥ ለመቆየት ብለው አስቀድመው በኃይልና በተደጋጋሚ የሚተነፍሱ ሰዎች የሚጨምሩት ኦክስጅን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሄሞግሎቢናቸው ቀድሞውንም ሞልቷልና። የሚያደርጉት ካርቦን ዳይኦክሳይዳቸውን አጥቦ መጣል ነው። በዚህ ምክንያት የመተንፈስ ፍላጎቱ ይዘገያል፤ ኦክስጅኑ ግን በሰዓቱ ያልቃል፤ ጭንቀቱ ሳይመጣ ራሳቸውን ስተው ይሰጥማሉ። ማንም ሰው ይህን በመዋኛ ገንዳ እንዳይሞክር።

የዱከም ዶሮ አርቢ፦

እግረ መንገዴን፤ በሞቃት ወራት ዶሮዎቼ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ የእንቁላሎቹ ቅርፊት ይሳሳል። ካልሲየም ብጨምርም ብዙ ለውጥ አላየሁም። ከዚህ ውይይት ጋር ይገናኝ ይሆን?

እንስሳ ሐኪም በሰንዳፋ፦

በሚገባ ይገናኛል፤ የላሚቱ ግልባጭ ነው። ዶሮ ላብ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ሙቀቱ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ትእዛዝ በላይ ስለሚያስተነፍሳት ካርቦን ዳይኦክሳይዷ ይታጠባል፣ ደሟ አልካላይን ይሆናል፣ ባይካርቦኔቷም ይቀንሳል። ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ካርቦኔቱ የሚመጣው ከዚያው ስለሆነ ካልሲየሙ ብቻውን ቢበዛ አይረባም። በዚያ ላይ በሙቀት ጊዜ መኖ ትቀንሳለች። ጥላ፣ የነፋስ መተላለፊያና ቀዝቃዛ ውኃ ይቅደሙ፤ በመኖው ውስጥ ሶዲየም ባይካርቦኔት መጨመርም የታወቀ መፍትሔ ነው፤ መጠኑን ግን ጨውን ጨምሮ የሚያሰላ ባለሙያ ይወስንልዎት።

ገፈርሳ፦

ሰበታ ላይ የዓሣ ኩሬ ያለው ወዳጄ ንጋት ላይ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይላል። ይህም የአሲድ ነገር ነው?

የፊዚዮሎጂ መምህር፦

አይደለም፤ ዓሣ ላይ ሥልጣኑ በአብዛኛው የኦክስጅን ነው። ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን አየር ከሚይዘው እጅግ ያነሰ ስለሆነ ዓሣ ብዙ ውኃ በስንጥቡ ማሳለፍ አለበት፤ በዚህ ሁሉ ውኃ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በቀላሉ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ከእኛ በተቃራኒ የሚያስጨንቀው ኦክስጅኑ ነው። ሌሊት አልጌው ኦክስጅን ማምረቱን አቁሞ ራሱም ስለሚጠቀምበት ኩሬው ንጋት ላይ ይራቆታል፤ ወዳጅዎ ውኃውን ያናፍሱት።

የሱሉልታ ወተት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሐኪሙ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ ቢገጥመኝ ትንፋሿ ሲረጋጋ ባይ ተሽሏታል ማለት ነው?

እንስሳ ሐኪም በሰንዳፋ፦

በትንፋሹ ብቻ አይፍረዱ። ከጎኗ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው፣ ሳያስደነግጧት፣ የጎኗን መነሣት አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ በጥላ ሥር ያረፈች ትልቅ ላም ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 30 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ትተነፍሳለች። ቁጥሩን ከሰዓቱ ጋር ጽፈው ለሚመጣው ሐኪም ያሳዩት። ትንፋሿ እየቀነሰ ሳለ ዓይኗ ነቃ ካለ፣ መቆም ከቻለችና ማመስኳት ከጀመረች በእርግጥ እየተሻላት ነው። ነገር ግን ተኝታ፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ፣ ስትጠሯት የማትሰማ ሆና ትንፋሿ ቢዘገይ፣ አሲዱ የአንጎል ግንዱን ራሱን አዳክሞት ወይም የመተንፈሻ ጡንቻዎቿ ዝለው ይሆናል፤ ይህ ከ70ው ትንፋሽ የከፋ ምልክት ስለሆነ ሐኪሙን ሌሊትም ቢሆን ይጥሩ።